ልጄ ውጭ አገር ሄዶ ኳስ መጫወት ይፈልጋል፦ የከተማዋ ዳር ወላጆችና ታዳጊዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በአቃቂ አካባቢ ታዳጊ የምናሰለጥን ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ከልምምድ በኋላ ስለ ኳስ ከምንጠየቀው ይልቅ ስለ ፓስፖርት የምንጠየቀው በዝቷል። ወላጅ ሜዳው ዳር ቆሞ ይጠብቀንና "ይሄ ልጅ ይሄዳል ወይ?" ይላል። ልጁም ማታ በስልክ ያንኑ ይጠይቃል። እዚህ የጻፍነው ለሁለቱም ነው፤ ወላጅ የጠየቀውን ለወላጅ፣ ልጅ የጠየቀውን ለልጅ መልሰናል።

ልጃችን 15 ዓመቱ ነው። ጎበዝ መሆኑን ሁሉም ይመሰክራል። አሁኑኑ አውሮፓ ቢገባ አይሻልም?

ሕጉ አይፈቅድም። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በተጫዋቾች ዝውውር ደንቡ አንቀጽ 19 ላይ ከአገር ወደ አገር የሚደረግ ዝውውር 18 ዓመት ለሞላው ተጫዋች ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ወደዚያ አገር ከተዛወሩ፣ ልጁ ስደተኛ ሆኖ ከለላ ካገኘ፣ ወይም ለትምህርት ልውውጥ ከሄደ ጉዳዩ ሊታይ ይችላል። ዕድሜው ከ16 እስከ 18 የሆነ ልጅ ሊዛወር የሚችልበት አንቀጽም አለ፤ እሱ ግን በአውሮፓ ኅብረትና በአካባቢው አገራት ውስጥ ለሚደረግ ዝውውር እንጂ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ልጅ አይሠራም።

ፊፋ ይህን ደንብ ያወጣው የአፍሪካን ልጅ ለመከልከል አይደለም። በ14 እና በ15 ዓመታቸው ተወስደው ሙከራ ሳይሳካላቸው ሲቀር አውሮፓ ከተሞች ላይ የተጣሉ የምዕራብ አፍሪካ ልጆች ብዙ ነበሩ። የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረው ዣን ክሎድ ምቩሚን እ.ኤ.አ. በ2000 ፉት ሶሊዴር የተባለውን ድርጅት ፓሪስ ላይ ያቋቋመው እነዚህን ልጆች አይቶ ነው። ደንቡ ትልልቆቹንም አልማረም፤ ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሪያል ማድሪድና አትሌቲኮ ማድሪድ በ2016፣ ቼልሲ በ2019 ታዳጊዎችን ከደንቡ ውጭ በማስመዝገባቸው ተጫዋች እንዳያስፈርሙ ታግደዋል። እንግዲህ አንድ ሰው የ15 ዓመት ልጃችሁን "እኔ የማውቀው ክለብ ያስፈርመዋል" ካላችሁ፣ ባርሴሎና ያልቻለውን እኔ እችላለሁ እያላችሁ ነው።

አጎቱ ሚኒሶታ ነው። እሱ ጋ ሄዶ ቢኖርስ?

ልዩ ሁኔታው የሚናገረው ስለ ወላጅ ነው። አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና አባት ጋ መኖር በራሱ በቂ አይደለም። ቤተሰቡ በሙሉ በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ ከሄደ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ልጁ ከኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት ያስፈልገው ይሆናል፤ ሰርተፍኬቱ ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይጠየቃል።

ታዲያ እነ ሳላዲን፣ እነ ጌታነህ እንዴት ሄዱ?

እዚሁ ተጫውተው ነው የሄዱት። ሳላዲን ሰኢድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ነው ለግብፁ ዋዲ ደግላ፣ ለቤልጂየሙ ሊርስ፣ ኋላም ለአል አህሊ የተጫወተው። ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ያቀናው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ላይ በታዩበት ዓመት ነው። ጋቶች ፓኖም ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሄደ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለቡና በፕሪሚየር ሊጉ 29 ግብ ካስቆጠረ በኋላ ነው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የወሰደው። ፍቅሩ ተፈራ ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ ብዙ አገር ዞሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር የውድድሩን የመጀመሪያ ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው።

የሁሉም መንገድ ይመሳሰላል። ሲሄዱ አዋቂዎች ነበሩ፤ አገር ውስጥ ሊግ ተጫውተው ስማቸው ታውቋል፤ ብሔራዊ ቡድን ሲጫወቱ የውጭ ሰው አይቷቸዋል፤ ብዙዎቹም መጀመሪያ የሄዱት እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ካይሮና ጆሃንስበርግ ከማድሪድ ያነሱ አይምሰሏችሁ። ደመወዝ በወቅቱ የሚከፈልበት፣ ሜዳው የተስተካከለ፣ ሐኪም ያለው ክለብ ውስጥ መግባት ለኛ ልጅ ትልቅ እርምጃ ነው። በግሌ ከዚህ ሰፈር የሚነሳ የ19 ዓመት ልጅ ምርጫ ቢሰጠኝ፣ በአውሮፓ አራተኛ ዲቪዚዮን ተቀያሪ ከሚሆን በግብፅ ሊግ ቢሰለፍ እመርጥለታለሁ።

አንድ ወኪል ገንዘብ ጠየቀን። ስንት ቢሆን ነው ተገቢው?

ምንም። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ሰፈራችንን እየጎዳ ያለው ይሄ ነውና።

ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ገንዘብ የሚያወጣው ክለቡ ነው። ወኪሉም ድርሻውን የሚያገኘው ውል ከተፈረመ በኋላ ከውሉ ነው። "የምዝገባ"፣ "የሙከራ"፣ "የቪዛ ማስኬጃ"፣ "የግብዣ ደብዳቤ ማውጫ" እየተባለ ከልጁ ቤት አስቀድሞ የሚጠየቅ ገንዘብ ምልክቱ አንድ ነው፤ ሰውዬው የሚሸጠው ኳስ ሳይሆን የእናንተን ተስፋ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው መጣልኝ ያለውን ደብዳቤ ይዘው መጥተው ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ አንድ ገጽ ነው። የክለቡ አርማ ተለጥጦ ጠርዙ ደብዝዟል። ከታች ማንም በነፃ የሚከፍተው ዓይነት የኢሜይል አድራሻ አለ። ገንዘቡ የሚገባው በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ነው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው፤ ደብዳቤው ልጁ ምን ቦታ እንደሚጫወት አይልም። ግብ ጠባቂ ይሁን አጥቂ የማያውቅ ክለብ እንዴት ይጋብዘዋል? እናቲቱ የዕቁባቸውን ዕጣ ለዚሁ ሊያውሉት ነበር። ከመክፈላቸው በፊት ስለጠየቁ ተረፉ።

ማጣራት የምትችሉባቸው መንገዶች አሉ። ከጥቅምት 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊፋ ሕግ መሠረት በዓለም አቀፍ ዝውውር የወኪልነት ሥራ መሥራት የሚችለው ፈተና አልፎ የፊፋ ፈቃድ ያገኘ ሰው ብቻ ነው። ፈቃዱ ለሰው እንጂ ለድርጅት አይሰጥም፤ ስለዚህ "ቢሯችን ፈቃድ አለው" የሚል መልስ መልስ አይደለም። የሰውዬውን ሙሉ ስም ጠይቁና በፊፋ ድረ ገጽ የፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ዝርዝር ላይ ፈልጉት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ለመወከል ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ የግድ ነው፤ ልጁን ብቻውን ካፌ ወስዶ የሚያስፈርም ወኪል ሕግ ጥሷል። የውክልና ውሉም ከሁለት ዓመት መብለጥ አይችልም። "እስከ 25 ዓመቱ የኔ ነው" የሚል ወረቀት ካያችሁ እንዳትፈርሙ።

ገንዘብ ተቀብሎ ልጁን በቱሪስት ቪዛ አውጥቶ የሚጥል ሰው ደግሞ ከማጭበርበር አልፎ ሌላ ወንጀል ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። ለፖሊስ ማመልከት አያሳፍርም። ያልተነገረበት ሰው ነገ የጎረቤታችሁን ልጅ ቤት ያንኳኳል።

ዕድሜውን ሁለት ዓመት ብንቀንስለትስ? ሁሉም ያደርጋል ይባላል።

አታድርጉት። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። ዕድገቱን የጨረሰ ሰው አንጓው ላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ ክፍል ይገጥማል፤ ምርመራው ያንን ያሳያል። የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽንም በታዳጊ ውድድሮቹ ይጠቀምበታል። ልጁ አንድ ጊዜ ከተጠረጠረ ያ ወሬ በሄደበት ይከተለዋል። ሌላም ነገር አለ፤ የ18 ዓመት ልጅ በ15 ዓመት ልጆች መካከል ጎልቶ ሲታይ ችሎታው ነው ወይስ ጉልበቱ ነው የሚለውን እሱም፣ እኛም አናውቀውም። ከእኩዮቹ ጋር ሲገጥም ያን ጊዜ ይወድቃል።

ሳታውቁት የምትሠሩትን ስህተትም ተጠንቀቁ። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል። ጥቅምት 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የ2008 ልጅ ነው፤ ጥር 2001 የተወለደው ግን የ2009። ለታዳጊ ውድድር የዕድሜ መነሻው ብዙ ጊዜ የፈረንጆቹ ጥር 1 ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት መሳሳት ልጁን ከአንድ የዕድሜ ክልል ወደ ሌላ ይወስደዋል። ወረቀቱ ላይ አንዱ ቦታ 2008 ሌላው ላይ 2009 ተጽፎ ከተገኘ ደግሞ አጭበርባሪ ያስመስለዋል።

ከአሁኑ የትኛውን ወረቀት እናዘጋጅ?

የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፓስፖርት። የልደት ወረቀቱን ከምትኖሩበት ወረዳ ነው የምታወጡት፤ ሸገር ከተማ ውስጥ የምትኖሩ የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የለገጣፎ ቤተሰቦች ጉዳያችሁ እዚያው ከተማችሁ እንጂ አዲስ አበባ አያልቅም። ውጭ የሚላክ ሰነድ መረጋገጥ ስላለበት ለዚያ ጊዜ ተዉ።

ስሙ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል በላቲን ይጻፍ። ትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት፣ ኢሚግሬሽን ሌላ ዓይነት ከጻፈው፣ ውጭ ያለው ክለብ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ይህን ማስተካከል ልጁ 14 ዓመቱ ሳለ ቀላል ነው፤ ቪዛ ቀጠሮ ደርሶ ግን ከባድ ነው።

አንድ ወረቀት ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ የተጫዋችነት ምዝገባ። ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተጫወተበት ቡድን በፌዴሬሽን የታወቀ ይሁን፤ ልጁም በስሙ ይመዝገብ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላ ዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። ልጁ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ አራቱን የመጀመሪያ ዓመታት ያሳደገው ቡድን 10,000 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ የእኛ ሜዳ ላይ ምን ያህል ታኬታ፣ ኳስና መረብ እንደሚገዛ አስቡት። ያልተመዘገበ ቡድን ግን ምንም አያገኝም። የሰፈር አሰልጣኞች፣ ይህ ለእናንተም ነው።

ጋሼ፣ ቪዲዮ ላክ እየተባልኩ ነው። እንዴት ልሥራው?

አጭር፣ አራት ደቂቃ ገደማ፣ ያለ ዘፈንና ያለ ዝግታ ምስል። አንተ የትኛው እንደሆንክ መጀመሪያ ላይ በክብ አሳይ። ሰው ያለፍክበትን ብቻ ሳይሆን ኳስ ስትቀማ ምን እንደምታደርግ፣ ያለ ኳስ ወዴት እንደምትሮጥ ይታይ። ከሱ ጋር የአንድ ሙሉ ጨዋታ ቅጂ ያዝ፤ ከልቡ የሚፈልግህ ሰው ይጠይቅሃል። ሜዳው ዳር ሆኖ የሚቀርጽ ስልክ የሚያሳየው እግር ብቻ ነው። እዚያ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ጓደኛህን አቁመው፤ ሜዳው በሙሉ ይታያል።

እዚያ ስደርስ ምን ይከብደኛል?

ኳሱ ራሱ። የምትለማመድበት መሬት ከባሕር ጠለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሱሉልታ ከሆንክ ወደ 2,700 ይጠጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ እዚህ ሩቅ ይበራል። ዝቅ ያለ አገር ስትሄድ ለትንፋሽ ትንሽ ይቀልልሃል፤ ረጅም ኳስህ ግን ያጥርብሃል፣ ቅጣት ምትህም ያሰብከው ቦታ አይደርስም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዚህ አትደናገጥ፤ እግርህ ይለምደዋል። ሣሩ ደግሞ እርጥብ ነው። እዚህ አቧራ ላይ ያስለመድከው አዟዟር እዚያ ያንሸራትትሃል። ከታች ረጅም ብረት ያለው ታኬታ ያስፈልግሃል።

ከዚያ ፍጥነቱ። ሩጫ አላልኩህም፤ ሯጭስ ሞልቶናል። ኳስ ከመድረሱ በፊት ወዴት እንደምትሰጥ ማወቅ ማለቴ ነው። በሁለት ንኪ መጫወትን አሁን ተለማመድ።

ከሜዳ ውጭ የሚከብደው ዝምታው ነው። ልምምድ በጠዋት ያልቃል፤ ከዚያ ቀኑ በሙሉ ያንተ ነው፤ የሚያንኳኳ ጎረቤት፣ ቡና ጠጡ የሚል ሰው የለም። በሰሜን አውሮፓ ክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ ይጨልማል። ውጭ የተጫወቱ ልጆች የሚነግሩኝ ሁሉ ከብርዱ ይልቅ ይህን ነው። ስለዚህ ቋንቋ ተማር። እንግሊዝኛህ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቀልድ የሚያስገባህ ይሁን፤ አሰልጣኙ የሚለውን ሳትሰማ አንገትህን ብትነቀንቅ በሚቀጥለው ጨዋታ ይታወቅብሃል። ምግብ ማብሰል ተማር፤ እናትህን ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቃት። ፓስፖርትህን ራስህ ያዝ፤ "እኔ ላስቀምጥልህ" ለሚልህ ለማንም አትስጥ። እሑድ እሑድ ቤት ደውል። ስትደውልም ደህና ካልሆንክ ደህና ነኝ አትበል።

ውጭ ከገባ በወር ስንት ይልክልናል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ወላጆችን አልወቅስም፤ ቤት ኪራይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስለ ልጁ ስል በግልጽ ልናገር። ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ደመወዝ የጥቂቶች ነው። በአውሮፓ ዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች ብዙ ተጫዋቾች ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ ነው የሚለማመዱት። ደመወዙ ላይ ግብር አለ፤ ኪራይ አለ፤ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ልጁ ጉልበቱ ተጎድቶ ዝም ብሎ የሚጫወተው፣ ብትቀመጥ ገንዘብ ይቀራል ብሎ ስለሚፈራ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አትጠይቁት። ራሱ ሲረጋጋ ይልካል።

ክለቡ ደመወዝ ከለከለው። ምን ያድርግ?

በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ክርክሩ ዓለም አቀፍ ከሆነ ወደ ፊፋ የክርክር ሰሚ ምክር ቤት ይወስደዋል፤ ተጫዋች በሚከራከርበት ጉዳይ የሥነ ሥርዓት ክፍያ የለም። ሁለት ዓመት ካሳለፈ ግን ጉዳዩ አይታይለትም። ስለዚህ የውሉን ቅጂ ገና ሲፈርም ወደ ቤት ይላክላችሁ፤ አንብባችሁ አስቀምጡት። የባንክ መግለጫውንም እንዳይጥለው ንገሩት።

ትምህርቱን ያቋርጥ?

አያቋርጥ። የአሜሪካ ኮሌጆች በኳስ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፤ ግን የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) አንደኛ ዲቪዚዮን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የወሰዳቸውን 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ውጤት ያያል። በ9ኛ ክፍል የተበላሸ ውጤት 12ኛ ላይ አይስተካከልም። ሦስተኛው ዲቪዚዮን ደግሞ በስፖርት ብቻ የሚሰጠው ድጋፍ የለም። አንድ የጎዳኝ ነገር አለ፤ እግሩ የደረሰ፣ ሰው ያየው ልጅ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሲወድቅ ማየት። ከልምምድ ቀሩ የምንላቸው ልጆች ፈተና ስላለባቸው ከሆነ ማንም አይቆጣቸውም፤ ይህን ለአሰልጣኞቹም ነግረናል።

ለሴት ልጄስ ይሠራል?

ይሠራል፤ ደንቡ አንድ ነው። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ በስዊድንና በማልታው ቢርኪርካራ ተጫውታለች፤ ኋላም አሜሪካ ሄዳለች። የእኛ ሴት ልጆች ችግር ከዚያ በፊት ይመጣል፤ ሜዳውን ወንዶቹ ይይዙታል፣ ሲመሽ ደግሞ መንገዱ ያስፈራል። ስለዚህ የሴቶቹን ልምምድ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት አድርገነዋል፤ ከኮዬ የሚመጡትን ልጆች፣ እናቶች በየተራ ይዘዋቸው ይመጣሉ። ልጃችሁን ማስመዝገብ ከፈለጋችሁ የልደት ወረቀቷንና ሁለት ፎቶ ይዛችሁ ከልምምድ በኋላ አግኙን። ክፍያ የለውም።